ምድር ያከሰለችው

ባለፈው ወር የእህቴን ልጅ መልስ በልተን ከጎንደር ስንመለስ፣ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሐሙሲት ላይ ቆመ። ሾፌሩ ሻይ ለሚጠጣ አሥር ደቂቃ አለን አለ። ሾፌር አሥር ደቂቃ ሲል ግማሽ ሰዓት ማለቱ እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ አልስተውም፤ ጉልበቴንም ላፍታታ ብዬ ወረድኩና መንገድ ዳር ካለች አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ሻዩ ሳይቀርብልኝ ሽታው ቀደመኝ። የክብሪት ራስ፣ የተበላሸ እንቁላልና የጎማ ጭስ የተደባለቀበት፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ነው። አብረውኝ የገቡት ተሳፋሪዎች አፍንጫቸውን በነጠላና በመሐረብ ሸፍነው ወጡ። እኔ ግን ከወንበሩ መነሳት አቃተኝ። ባለሻይ ቤቷ ወጣት ናት፤ አፍራ ይቅርታ ጠየቀችኝና ነገሩን አስረዳችኝ። ትናንት ጥቁር ድንጋይ የጫነ መኪና ከጎንደር ማዶ ሲመጣ እዚሁ ቦይ ውስጥ ተንሸራቶ ግማሽ ጭነቱን አራግፎ ሄዷል፣ ሰፈርተኛውም በጆንያ ለቅሞታል። «ከሰል ነው ሲሉኝ እኔም ለቀምሁ» አለች። ከሰል ነው ሲሉኝ። ያን ሽታ ከዚያ በፊት የሸተትኩት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያም ባሕር ዳር ነው፣ ያም የሆነው በዚችው በአንዲት ቃል የተነሳ ነው።

ባሕር ዳር የተመደብኩት ገና ልጅ እግር ሳለሁ ነው። የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ እናቴ የምደባውን ወሬ ስትሰማ «ልጄን ለወባ ሰጧት» ብላ ደረቷን ደቃች። እኔ ደግሞ ሐይቅ አያለሁ ብዬ ልቤ ቆሞ ነበር። ዛሬ ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው የያኔዋን አያውቃትም። ከዘንባባዎቹ ሥር ከመኪና ይልቅ ብስክሌት ነበር የሚበዛው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ካለ ምን ሆነህ ነው፣ አሞህ ነው እንዴ ተብሎ ይጠየቃል። ብስክሌት የሌለን ሰዎች በሰዓት ስሙኒ እየከፈልን እንከራይ ነበር፤ አከራዩ የእጅ ሰዓት ስላልነበረው ሰዓቱን የሚለካው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባና በራሱ ሆድ ነው፣ ሲርበው ሰዓታችን ያልቃል። ወንዶቹ ካኪ ሳፋሪ፣ እግሩ እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ፤ እኛ ደግሞ ከናይለን የተሰፋ ቀሚስና ዝናብ ሲመጣ ኮንጎ ጫማ። ኮንጎ ጫማ በፀሐይ ጊዜ እግር ይቀቅላል፣ ግን ዕድሜ ልክ አያልቅም፤ እኔ የመጨረሻውን የጣልኩት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ነው። ገበያው አጠገብ ካሴት የሚሸጥ አንድ ሱቅ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ሰቅሎ ማሲንቆና ክራር የገባበትን ዘፈን ሁሉ ሲያንቆረቁር ይውላል። ሬዲዮ ግን ሰልፍና ዕቅድ ነበር የሚያወራው። የዓሣ ጉላሽ ከሁለት ዳቦ ጋር በአንድ ብር ከስሙኒ በልቶ፣ እጁን በሐይቁ ነፋስ አድርቆ የሚሄድ ሰው ምን ይጎድለው ነበር? ብዙ ነገር ይጎድለው ነበር፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ትዝታ ጉድለቱን አይቆጥርም።

መሥሪያ ቤቴ ከሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ከሚጀምርበት ቦታ ትንሽ ወረድ ብሎ የተሠራ ግቢ ነው። የነዳጅ ጥናት ጣቢያ እንለዋለን። ስሙ ሲጠራ ትልቅ ይመስላል እንጂ ሁለት ቤተ ሙከራ ያለ መሣሪያ፣ አንድ ግምጃ ቤት፣ አንድ ሰፊ ወጥ ቤትና የእኔ የንባብ ክፍል ነበር። የንባብ ክፍሌን ግን ማንም እንዲንቅብኝ አልፈልግም። ከወዳጅ አገሮች ሁሉ በሣጥን እየታሸገ የመጣ መጽሐፍና መጽሔት ነበረኝ፤ ከሞስኮ፣ ከፕራግ፣ ከምሥራቅ ጀርመን። ስለ ድንጋይ ከሰል፣ ስለ ምድር ዘይት፣ በጥንት ዘመን የነበረ ቅጠልና የውሃ ትል ከጭቃ ሥር ተቀብሮ በሙቀትና በክብደት እንዴት ነዳጅ እንደሚሆን የሚያወራ ነው ሁሉም። ከፈረንጅ አገር በእንግሊዝኛ ይመጣ የነበረው መጽሔት ደግሞ ፖለቲካው ሲበላሽ በዓመቱ መካከል ተቋርጧል፤ የመጨረሻው ቅጽ ላይ አንድ ጥናት «ክፍል ሁለት ይቀጥላል» ብሎ ነው የቆመው፤ እኔም እስከ ዛሬ ክፍል ሁለትን አልተቀበልኩም። ፊልም ላይ የተነሱ ጽሑፎችን የሚያነብ መሣሪያም ነበረን፤ አምፖሉ የተቃጠለው እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። የራሺያኛ ፊደል መቁጠር ተማርኩ፤ ትርጉሙን ሳላውቅ አርእስቱን እያነበብኩ በየካርዱ እጽፋለሁ። የሐይቁ እርጥበት መጻሕፍቱን ስለሚያሻግት ፀሐይ ሲወጣ ደጃፍ ላይ እንደ በርበሬ አሰጣቸዋለሁ። የጥበቃው ሰው ዶሮ እንዳይወጣባቸው ይጠብቅልኛል። ያን ጊዜ ያ ክፍል ለዘላለም የሚቆም መስሎኝ ነበር።

ነዳጅ በዚያን ዘመን እንደ ታቦት ነበር የሚፈራው። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ እሑድ እሑድ የግል መኪና አይነዳም። ለላምባ ጀሪካኑ በወረፋ ተደርድሮ ያድራል፤ ባለቤቶቹ ቤታቸው ሲተኙ ጀሪካኖቹ ወረፋ ይጠብቃሉ። የፋብሪካው ቦይለር የሚበላው ጥቁር ዘይት በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ምንዛሪው ደግሞ ወደ ጦር ግንባር ይሄዳል። ስለዚህ ከጎንደር በስተ ምዕራብ፣ ከጭልጋ ወንዞች ዳር፣ ገበሬ ሲያርስ የሚያገኘው ጥቁር ድንጋይ እንዲጠና ተባለ። ለዚህ ሥራ የመጣው ዘሪሁን ነው። የደሴ ልጅ፣ ረጅም፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የከርሰ ምድር ባለሙያ። ከተመለሰ ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አክሳዩ እያልን እንቀልድበት ነበር፤ እሱም ስሙን ወዶት በስልክ «አክሳዩ ነኝ» ይለኝ ነበር። ሚስት አግባ ሲባል፣ መጀመሪያ ጉድጓዴን ልጨርስ ይላል። ጉድጓዱ ከቆላ ድባ ማዶ የቆፈረው ነው፤ ከጥልቁ የወጣውን ጥቁር ድንጋይ ክብ ክብ አድርጎ በእንጨት ሣጥን ደርድሮ አመጣው። ሣጥኖቹ በግምጃ ቤቱ የቆሙት እንደ ጉድጓዱ ቅደም ተከተል ነው፤ ከላይኛው አፈር የወጣው ከበሩ አጠገብ፣ ከታችኛው የወጣው ከውስጥ። ቅደም ተከተሉ ነው ነገሩ ሁሉ ይለኝ ነበር። ድንጋዩማ በየወንዙ ዳር ሞልቷል፤ የትኛው ጥልቀት ላይ ያለው ጥሩ እንደሚነድ ያወቀ ሰው ነው የት እንደሚቆፈር የሚያውቀው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መጻሕፍቴን ከፀሐይ ሳስገባ መጣና ነይ ላሳይሽ ብሎ ደንገሉ መሀል ወሰደኝ። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጥቁሩን ጭቃ በእግሩ ረገጠው። ፉል ፉል እያለ አረፋ ወጣ። ክብሪት ጫረና ወደ አረፋው ሲያስጠጋው ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ብሎ ጠፋ። እንደ ሕፃን ሳቀ። ይህ ደንገል፣ ታንኳ የሚሠሩበት፣ ሲሞት እዚሁ ይሰጥማል፤ በላዩ ጭቃ፣ በጭቃው ላይ ሌላ ደንገል፣ እንዲህ እያለ ዘመን ይቆጠራል አለኝ። ጭልጋም ያኔ እንደዚሁ ሐይቅና ረግረግ ነበር። «እኛ ከሰል የምናከስለው በአንድ ሌሊት ነው» አለኝ። «ምድር ግን አትቸኩልም።» ያን ቀን ነው ያ ሁሉ የማይነበብ ራሺያኛዬ የሚያወራው ስለዚህ ስለምረግጠው ጭቃ እንደሆነ የገባኝ። ከእሱ በኋላ ብዙ ምሁር አይቻለሁ፤ እንደሱ ያወቀውን ነገር የወደደ ግን አላየሁም።

እንግዲህ ወደ ቃሉ ልምጣ። በዚያ ዘመን ሳይንስ ሁሉ በአማርኛ ይሁን የሚል መመሪያ ወረደ፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሙያ ቃላት ኮሚቴ ያቋቁም ተባለ። የእኛ ኮሚቴ ሊቀመንበሩ ከላይ የተመደበ ካድሬ ነው፤ እኔ ጸሐፊ ሆኜ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ድምፅ የለኝም። ዘሪሁን የሙያው ሰው ነው። የቋንቋ ዐዋቂ ይኑር ስለተባለ ደግሞ ከአጠገባችን ካለው ትምህርት ቤት አማርኛ የሚያስተምሩት መሪጌታ አምሳሉ ተጠሩ። መሪጌታ የቅኔ ሰው ናቸው፤ ጥምጣማቸውን በባርኔጣ ቀይረው፣ ከጋቢያቸው በላይ ኮት ደርበው ይመጣሉ። ስብሰባው ላይ ሻይ ሲቀርብ ስኳር በዛ ይላሉ፣ ግን ሁለተኛ ይደግማሉ።

ለዚያ ጥቁር ድንጋይ ስም የወጣበት ቀን አይረሳኝም። መሪጌታ «ፍሕም» ይባል አሉ። የግዕዙ ቃል ነው፤ ፍም የምንለውም ከእሱ የመጣ ነው፣ ራሱን የቻለ ስም ይሆነዋል ብለው አስረዱ። ሊቀመንበሩ ፊቱን አጨማደደ። ፍሕም የካህናት ቋንቋ ነው፣ ሰፊው ሕዝብ የሚያውቀው ቃል ይምረጥ አለ። አንድ ሌላ የኮሚቴው አባል የድንጋይ ከሰል ይባል አለ፤ እንደምታውቁት እስከ ዛሬም የሚባለው እንዲሁ ነው። ሊቀመንበሩ ግን ይህንንም አልወደደውም። ድንጋይ የሚለው ይውጣ አለ፤ ሕዝቡ ነዳጅ ሲጠብቅ ድንጋይ አቀረቡልን እንዳይል ነው። ከሰል ይበቃል። ሁላችንም ዘሪሁን ይቃወማል ብለን ፊቱን አየን። እሱ ግን ደስ ብሎት ኖሯል። እንዲያውም ከሰል ነው ትክክሉ ብሎ ተነሳ፤ ሕዝቡ ስሙን ሲሰማ ወጥ እንዲሸተው ነው የምፈልገው አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

መሪጌታ ብቻ አልሳቁም። «ልጄ፣ ከሰል የሚባለው እኮ እንጨት ሲከስል ነው። ይህን ድንጋይ ማን አከሰለው?» አሉት።

«ይህም እንጨት ነበር መሪጌታ። ምድር አከሰለችው» አለ ዘሪሁን።

መሪጌታ ሻያቸውን አስቀመጡ። መልሱ እንደ ቅኔ ደስ እንዳላቸው ከዓይናቸው ያስታውቃል፤ ሰሙን ትተው ወርቁን የያዙ መሰሉ። «ነገሩስ አምሯል» አሉ በመጨረሻ። «ግን ምድር ያከሰለችውንና ሰው ያከሰለውን በአንድ ስም ከጠራችሁት፣ አንድ ቀን ተደባልቆ ታገኙታላችሁ።» ሊቀመንበሩ እጅ አስወጣ፤ ከሰል ያለ ተቃውሞ አለፈ፣ መሪጌታ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ያን ስም ግን ያወጣው ኮሚቴ ነው። በማግሥቱ በየሣጥኑ ላይ የነበረው የባዕድ ፊደል ተፍቆ፣ በነጭ ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል «ከሰል» ተብሎ ተጻፈ። ከግምጃ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ለሚያየው በጣም ያምር ነበር።

ዘሪሁን ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ከአንድ ወዳጅ አገር ቤተ ሙከራ፣ ናሙናውን በቅደም ተከተሉ ላኩልን፣ በማጉያ መነጽር እናየዋለን፣ የሙቀቱን ኃይል እንለካለን የሚል መልስ መጥቶለት ነበር። የአገር ድንጋይ ከአገር ይውጣ ለማለት ግን የብዙ ቢሮ ፈቃድ ያስፈልጋል። እሱ ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱም አለቀ፣ የመስከረሙ የአብዮት በዓል ደረሰ። ከየአውራጃው ሰልፈኛ ወደ ባሕር ዳር ጎረፈ። የእኛ ወጥ ቤት ሰፊ ስለሆነ ከሰልፈኛው የሚበዛው ለእኛ ተሰጠ። ክረምቱ የከበደ ስለነበር የማገዶ እንጨቱ ሁሉ ርሷል፤ ከሰል ደግሞ ደን ጠባቂ እየያዘው ከገበያ ጠፍቷል። የወጥ ቤቷ ኃላፊ እትዬ ጥሩወርቅ፣ የሜጫ ሰው፣ ሳቂታና ቁጡ፣ በበዓሉ ዋዜማ የንብረት ክፍሉን ሰው በምን ላብስለው ብላ አፋጠጠችው። የንብረት ክፍሉ ሰው አዲስ ነው፤ ከተመደበ ወር አልሞላውም። ግምጃ ቤቱን ከፍቶ አየ። በነጭ ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ይህ ሁሉ ከሰል ተከማችቶ ነው እንዴ ሰልፈኛው ጥሬ የሚበላው ብሎ አስወጣላት። ቁጠባና ትጋት ነበር የመሰለው፤ በኋላ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።

እኔ በበዓሉ ጠዋት ክፍሌ ሆኜ ሰልፉ የሚነሳበትን ሰዓት ስጠብቅ ነው ያ ሽታ የመጣው። ጎማ የተቃጠለ መስሎኝ መስኮት ዘጋሁ። በበሩም ገባ። ግቢው በቢጫ ጭስ ታፍኗል፤ ሰልፈኛው ያስላል፣ ወጡ ራሱ የክብሪት ሽታ ይሸታል፣ ሆኖም የራበው ሰው ነውና በላው። ወጥ ቤት ስደርስ እትዬ ጥሩወርቅ ዓይኗ ቀልቶ፣ ክቡን ጥቁር ድንጋይ በመጥረቢያ ጀርባ እየፈለጠች ምድጃው ውስጥ ትጨምራለች። ሣጥኖቹ ተሰባብረው ማቀጣጠያ ሆነዋል። አንዱ ስባሪ ላይ «ከ» የምትለው ፊደል ቀርታ ነበር። ተይ ብዬ ጮህኩ መሰለኝ፤ የሚተው ነገር ግን አልቀረም ነበር። ግምጃ ቤቱ ተጠርጎ ነው የቆየኝ።

ዘሪሁን የመጣው ከበዓሉ ጥቂት ቀን በኋላ ነው። ከመሪጌታ ጋር ሆነን አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ ሄደን ጠበቅነው፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። ከአውቶቡሱ የወረደው እየሳቀ ነው። ከርቀት አንድ ወረቀት ከፍ አድርጎ ያወዛውዛል፤ ፈቃዱ ወጥቷል፣ ማኅተሙም በዝቶ ጽሑፉን ሸፍኖታል። ጉልበት እንዳላጣ ዳቦ እየገመጥኩ ነው የሰነበትኩት፣ ሣጥኖቹን የምሸከመው ራሴ ነኝ ይለናል። መሪጌታ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው። «ልጄ፣ ተደባለቀ» አሉት። እሱም ይህን አንድ ቃል ሰምቶ ሁሉ ነገር ገባው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከፊታችን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ።

ይጮሃል፣ ይሳደባል ብዬ ነበር። በቀጥታ ወጥ ቤት ገባና ከእትዬ ጥሩወርቅ አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። እሷ ገና ስታየው ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች፤ ተጽፎ ሰጡኝ፣ እኔ ምን ላውቅ አለች። እሱ እጇን ያዘና አይዞሽ አላት፤ ስሙን ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ አንቺ ምን አደረግሽ። ከዚያ እንዴት እንደነደደ እንድትነግረው ለመናት። እሷ መጀመሪያ ሊያሾፍባት የፈለገ መሰላት። ግራ ተጋብታ፣ ቀስ በቀስ እየጠራላት ነገረችው፦ አብዛኛው ጭሱ የሚገድል፣ አመዱ የበዛ፣ ቶሎ የሚከስም ነው። «አንደኛው ግን ልዩ ነበር» አለች። «ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ትንሽ ነገር አነደድሁ፣ ድስቱን ሁሉ አብስሎ ማታም ፍሙ ነበር። እንዲያ ያለ ከሰል ዓይቼ አላውቅም።»

ዘሪሁን ከበርጩማው ብድግ አለ። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር እንዴት ልንገራችሁ? የሞተበት ሰው በሕይወት አለ እንደተባለ ሆነ። «ከየትኛው ሣጥን ነው? ከበሩ አጠገብ ካለው ነው ከውስጠኛው?»

እትዬ ጥሩወርቅ ለማስታወስ ዓይኗን ጨፈነች። ከልቧ ነበር የሞከረችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና «እኔ ምኑን ልለየው ልጄ? ከሰል ከሰል ነው ብዬ፣ አንድ ላይ ቀላቀልሁት» አለችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቁጣም ስለ ክስም ያነሳ የለም። ሊቀመንበሩ የቃላት ኮሚቴው እንዲታደስ አዘዘና ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። መሪጌታ ፍሕም ነበር ማለት ሲችሉ አንድም ቀን አላሉም፤ ዘሪሁን ራሱ እርስዎ ያሉት ይሻል ነበር ሲላቸው፣ ቃሉስ ምን በደለ፣ የተሸከመው በዛበት እንጂ ብለው መለሱለት። እሱ እንደገና ለመቆፈር ጠየቀ። መቆፈሪያው መኪና ውሃ ለጠማው ሰራዊት ተወስዷል ተባለ። እንደገና ጠየቀ፤ ከጭልጋ በኩል ያለው መንገድ ተዘግቷል ተባለ፣ በእርግጥም ተዘግቶ ነበር። ከሁሉ የሚብሰው ምንም አለማወቁ አልነበረም። የሚብሰው ግማሹን ማወቁ ነው። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ጭስ የሌለው ጥሩ ከሰል እንዳለ ያውቃል፤ የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። በግቢው ሲያገኘኝ ሰላምታውን ትቶ፣ አንደኛው እኮ ጥሩ ነበር ይለኛል። ወጥ ቤት እየሄደም ትዝ ብሏት ይሆን ብሎ እትዬ ጥሩወርቅን ይጠይቃታል፤ እሷም እንዳታሳዝነው አንድ ቀን ከውስጠኛው ነበር መሰለኝ ትለዋለች፣ ሌላ ቀን ከበሩ። በመጨረሻ አዲስ አበባ አዛወሩት።

የንባብ ክፍሌም አልቆየልኝም። መንግሥት ሲለወጥ ጣቢያው ተዘጋ፤ መጻሕፍቱ ለማን እንደተሰጡ የሚነግረኝ አጣሁ። አንድ ቀን ገበያ ሄጄ ቆሎ ስገዛ ባለቆሎዋ የጠቀለለችበት ወረቀት ላይ ራሺያኛ አየሁ። የራሴ ማኅተም ጥግ ላይ አለ። ቆሎውን እጄ ላይ ገልብጬ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩ፤ ሴትየዋ ያበድኩ መስሏት ነበር። አሁን ልጆቻችን ስለ ነዳጅ የፈለጉትን በስልካቸው ያገኛሉ ይሉኛል፤ ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ግን የዚያችን ጉድጓድ ነገር በየትኛውም ስልክ አያገኙትም፤ ያ በልተነው አልቋል። ይህ ያንገበግበኛል። የሰው ዕድሜ ሙሉ ሥራ በክፋት ቢጠፋ ክፉውን ረግመህ ትተኛለህ፤ በደግ ልብ ሲጠፋ ማንን ትረግማለህ?

ዘሪሁንን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት አዲስ አበባ፣ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ነው። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ጉብጠቱ ጨምሯል፣ በከዘራ ነው የሚሄደው። ተሳስመን፣ ልጆች ስንት ሆኑ ሳንባባል፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና «እትዬ ጥሩወርቅ አለች? ትዝ ብሏት ይሆን?» አለኝ። ቀልዱ ነው ብዬ ልስቅ ስል ዓይኑን አየሁት። አልቀለደም። እሷ ካረፈች ዓመታት ማለፋቸውን ስነግረው ነፍስ ይማር አለና ተራው ደረሰ። ከዚያ በኋላ ስልክ እየተደዋወልን ቆየን። አክሳዩ ነኝ ሲል ድምፁ ያው የድሮው ነበር። አምና ልጁ ደውላ ማረፉን ነገረችኝ።

እንግዲህ ሐሙሲት ያቺን ሻይ ይዤ የተቀመጥኩት ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው። ልጅቷ ጭሱን በሰሌን እያራገበች ወደ በሩ ታስወጣለች። ነገር ለማስለወጥ ያህል ሁሉም እንዲህ ነው እንዴ የሚጨሰው አልኳት። እሷም፣ ኧረ የለም፣ ጠዋት ያነደድሁት ጭስም አልነበረው፣ በአንዲት ፍሬ እስከ ቀትር ድረስ ሻይ አፈላሁበት አለችኝ።

ጉልበቴ ሳያመኝ ብድግ አልኩ። ከየት በኩል የለቀምሽው ነው፣ ከጭነቱ ላይ ነው ከታች፣ የተረፈ አለሽ ወይ እያልኩ አጣደፍኳት። ጆንያውን ራሴ ጎትቼ ውስጡን አየሁት፤ ሁሉም ጥቁር ነው። ልጅቷ ጤናዬን የተጠራጠረች መሰለኝ፤ ትከሻዬን ደግፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝና እንደ ሕፃን አባበለችኝ።

«ደባልቄ አይደል የለቀምሁት፣ እማማ። ከሰል ከሰል ነው» አለች።

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ስገባ ሰው ሁሉ ጭስ ሸተተን ብሎ መስኮት ከፈተ። መኪናው ሲነሳ እጄ ሳላስበው ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ስልኬን አወጣ፤ አክሳዩ የሚለውን ስም እስከማገኝ ድረስም የስም ዝርዝሩን በጣቴ ገፋሁ። ጭስ የሌለው ዛሬም አለ። የምነግረው ሰው ነው የሌለኝ።